በሰው ለቅሶ ላለቀሰው ሰውዬ የተሰጡ ሁለት ሺህ ሳቆች

ለተከበሩ የእንግዳ ዜናዎች ገጽ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንድትገኙ፣ የስልክዎ ባትሪ እንዳያልቅ፣ ተከታዮችዎም ከግማሽ ሚሊዮን እንዳይጎድሉ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሰው ፊት መናገር የማልችል፣ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያልተማርኩ ልጅ ነኝ። ስለዚህ በጽሑፌ ስህተት ካገኙ እንደለመዱት ለተከታዮችዎ አቅርበው «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይበሉልኝ።

ገጽዎን ከማንም በፊት የምከፍት ነበርኩ። ሊሰርቅ ገብቶ በባለቤቱ አልጋ ላይ እንቅልፍ የጣለውን ሌባ፣ ምስጢሩን አውጥታ ባልየውን ያሳጣችውን በቀቀን፣ ሁሉንም ያነበብኩት ከእርስዎ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ «ይገርማል ግን እውነት ነው! ሰውዬው ለማያውቃት ሟች ሁለት ሰዓት አልቅሶ፣ አስከሬኗን ተሸክሞ፣ “ወንድሜ” ብሎ ተሰናበታት» የሚል ዜና ከነቪዲዮው አወጡ። ሰውዬው አባቴ ነው። ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. ዜናው እውነት ስለሆነ አመሰግናለሁ። አንድም ቃል አልዋሹም። የጎደለው ትንሽ ነገር ነው፤ ቦታ አልበቃዎት ይሆናልና እኔ ልሙላው።

አባቴ አናጺ ነው። ታላቅ ወንድሙም አናጺ ነበር፤ በአንድ ወርክሾፕ ለብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አጎቴ ግራኝ ስለነበር ሳንቃ የሚለካው ከቀኝ ጫፍ ጀምሮ ነው፤ አባቴ ደግሞ ከግራ። ሁለቱም ይህን ስለሚያውቁ ከመቁረጣቸው በፊት «ካንተ ወገን ነው ከኔ?» ይባባሉ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሳይጠያየቁ ቀሩ። ለባንኮኒ የመጣ፣ ሁለተኛ የማይገኝ ሰፊ ሳንቃ ነበር። አጎቴ ቀዳዳው የሚወጣበትን ልክ በወረቀት ጽፎ ወጣ፤ አባቴ ከግራ ቆጥሮ ቆረጠው። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» «የለም አንተ ነህ» ተባባሉ፤ በማግስቱ ወርክሾፑን መሐል ለመሐል በሳንቃ ግድግዳ ከፈሉት። ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በሁለት በር እየገቡ፣ ሳይነጋገሩ ሠሩ። የአባቴ ጆሮ በመጋዝ ማሽን ድምፅ ደክሟል፤ የአጎቴን መዶሻ ግን በግድግዳው በኩል ይሰማው ነበር። አንድ ቀን መዶሻው ዝም አለ። አጎቴ መታመሙን ሰማን። አባቴ «ሰኞ ሄጄ አየዋለሁ» አለ። ብዙ ሰኞ አለፈ።

ከዚያ የአጎቴ ሚስት «አረፈ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት፣ ሁለተኛው በር ጋ» የሚል መልእክት ላከች። እናት የለንም፤ እኔም ትኩሳት የያዛትን እህቴን ጥዬ መሄድ ስላልቻልኩ አባቴ ብቻውን ሄደ። የመቃብር ስፍራው በመንገዱ ዳር የተደረደሩ አምስት በሮች አሉት። አባቴ ከግራ ቆጠረ። ቦታውን የመረጠው ግን አጎቴ ራሱ ነበር፤ አልጋው ላይ ሆኖ ለሚስቱ ሲነግራት ከቀኝ ቆጥሮ ነው።

2ኛ. ተከታዮችዎ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይታክቱ ስለተወያዩ አመሰግናለሁ። አንዱ «ለምሳው ነው የመጣው ባካችሁ፣ ተዉት ይብላበት» አለ። ሌላው «ወገን፣ ሟች ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ ያለቀሰ ሰው የለም፤ ቪዲዮው ውሸት ነው» ሲል «እውነት ነው ተብሎ ተጽፏል እኮ፣ ማንበብ አትችልም እንዴ?» ተባለ። አንዲት ሴትዮ «ቁጥሩን ላኩልኝ፣ አማቴን አሟታል» አለች። «ሰክሮ ነው» ያሉት በጣም ብዙ ናቸው። አባቴ አይጠጣም።

ሲደርስ ሰዓት አልፎበት ነበር። ሳጥኑ ተዘግቷል። የሟቿን ፎቶ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ የያዘው ሰው ከፊት ስለሚሄድ አባቴ ያየው የፍሬሙን ጀርባ ብቻ ነው። «ጥጉ በምስማር ብቻ ነው የተያዘው፤ ማጣበቂያ አልነካውም» ብሎ ነግሮኛል፤ ከዚያ ቀን የነገረኝ ነገር ይኼ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከተሸካሚዎቹ የኋለኛውን እጁን ሲያዳልጠው አየ። ረጅምና ከባድ ነገር መሸከም የአባቴ ሥራ ነው፤ ገብቶ የሳጥኑን ጥግ ያዘለት። ዘመድ ፊት ለማየት አፍሮ አንገቱን ደፍቷል፤ በደከመ ጆሮው ልቅሶው «እማዬ» ይሁን «አባዬ» አልለየም። የሚያለቅስ ሰው ደግሞ «አንተ ማነህ?» ተብሎ አይጠየቅም።

ከአስተያየቶቹ ሁሉ ሥር አንዲት ሴት «የተቀበረችው የኔ እናት ናት። ከሁላችንም በላይ ያለቀሰላት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼን ተዉአቸው» ብላ ጽፋ ነበር። አራት ሰው ወደደላት። አምስተኛው «አባትሽ ይሆናላ፣ እናትሽን ጠይቂያት» አላት። ገጽዎ ስድብ እንደማይፈቀድ በትልቁ ስለጻፈ ይህ ስድብ አይደለም ማለት ነው።

3ኛ. ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ ስላስገቡለት አመሰግናለሁ። በቪዲዮው ላይ አባቴ እጁን ሳጥኑ ላይ አድርጎ «ከቀኝ ይሁን። አንተ እንዳልከው ይሁን፤ ከቀኝ ይለካ ወንድሜ» ይላል። እርስዎ ይህችን ቆርጠው ሦስት ጊዜ ደጋገሟት። አሁን ዳቦ ቤት ተራ ስይዝ ከኋላዬ ያሉት ልጆች «ከቀኝ ይለካ!» እያሉ ይገፋፋሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዳቦዬን ይዤ እሄዳለሁ።

ያቺ ቃል ሰባት ዓመት አልወጣ ያለችው ቃል ናት፤ በወጣች ቀን የሰማቻት ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ሆነች። አጎቴ በዚያው ሰዓት ከሁለት በር ወዲያ ይቀበር ነበር። የሟቿ ልጅ «ጋሼ፣ እማዬን ከየት ያውቋታል?» ስትለው ነው አባቴ የነቃው። ሮጦ ሲደርስ አፈሩ ተደልድሎ፣ ሰው ተበትኖ ነበር።

4ኛ. ሦስት ጊዜ «እባክዎ ቪዲዮውን ያንሱልኝ» ብዬ ስጽፍልዎ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ሰከንድ ውስጥ «ስላገኙን እናመሰግናለን! አስተያየትዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። በሕይወቴ እንደዚህ ፈጥኖ የመለሰልኝ ሰው የለም። ያስቸገርኩዎት አባቴ እስካሁን ወንድሙ ቤት ለቅሶ ስላልደረሰ ነው። የአጎቴ ልጆች ቪዲዮውን አይተው «በአባታችን ሞት መሳቂያ አደረገን» ብለዋል። ሁለት ጊዜ ጃኬቱን ለብሶ እስከ በራችን ሄዶ ተመለሰ። «በምን ፊቴ? አንዱ ለቅሶ ቤት ውስጥ ቢስቅስ?» አለኝ። ይስቃሉና ጃኬቱን ተቀብዬ ሰቀልኩለት።

5ኛ. ይህ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። ዜናው እንደወጣ ከፊት ያለው ምስል የሚያሳየው የሰውዬውን ጀርባ ብቻ ነበር። እኔም አንብቤ ሳቅኩ፤ የምትስቀዋን ፊት ተጫንኩ። ከዚያ ቪዲዮውን ስከፍት የጃኬቱን ክርን አየሁት። ክርኑ ላይ ያለውን ጨርቅ የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ ክር አልቆብኝ ግማሹን በሰማያዊ ነው የጨረስኩት። ሳቄን ወዲያው መልሼ አነሳሁት። ቁጥሩ ግን ያን ጊዜም ሁለት ሺህ ነበር፤ አሁንም ሁለት ሺህ ነው የሚለው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ሌላ ዜና ስለማይጠፋ ይህን አንዱን እንዲያነሱልን እለምናለሁ። ይቅርታ ይጠይቁን አላልኩም፤ ተከታይ እንደሚቀንስብዎ አውቃለሁ።

ጣትዎ ለመለጠፍ እንደፈጠነች ለማንሳትም እንድትፈጥን ዘወትር የምመኝ፣ ዳቦ ቤት አንገቴን ደፍቼ የምቆም፣ የእርስዎ ታማኝ አንባቢ፣

የሰውዬው ልጅ

ከደብዳቤው የተረፈ፦ ትናንት ጠዋት አባቴ ወርክሾፑን የከፈለውን ግድግዳ ብቻውን ነቀለው። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እየለካ በአጎቴ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው፤ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነኝ። የጀመረው ከቀኝ ነው። ይህም ይገርማል ግን እውነት ነው፤ ስለማያስቅ ግን ለገጽዎ አይሆንምና አይድከሙ።