«ደህና ነኝ» ያለችው አሻንጉሊት

ሰኞ

አሻንጉሊት ገደልሁ። ሦስት ዓመት ነርሲንግ ተምሬ፣ በአሥር ደቂቃ።

በመለማመጃው ሲሙሌሽን ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ የተኛችው አሻንጉሊት ገና የወለደች እናት ናት ተባልን። ድምጿ የመምህራችን የሲስተር ብርቄ ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው በማይክሮፎን ይናገራሉ። ገባሁ። «እንዴት ነሽ እህቴ?» አልሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች። እኔም «ደህና ናት» ብዬ ጻፍሁ። ብርድ ልብሱን አልገለጥሁም። ከሥሩ ደም ተብሎ የፈሰሰው ቀይ ውሃ አንሶላውን አርሶ ወደ ፍራሹ ዘልቋል። ሞኒተሩ ሲጮህ ነገሩ አልፎበታል።

ሲስተር አልተቆጡም፤ የከፋኝም እሱ ነው። «ሲጠየቅ ደህና አይደለሁም የሚል ስንት ሰው ታውቃለህ?» አሉኝ ብቻ። ዓርብ እንደገና እፈተናለሁ። ካለፍሁ በሚቀጥለው ሰኞ ከቡድኔ ጋር ሆስፒታል፣ ማዋለጃ ክፍል እገባለሁ። ከወደቅሁ ልጆቹ ሲሄዱ እኔ ከአሻንጉሊቷ ጋር ቀረሁ።

እውነቱን ልጻፍ። አፍሬ ነው። የሴት ገላ ለመግለጥ፣ አሻንጉሊትም ብትሆን፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ማክሰኞ

ከድር ወላድ ሆነልኝ። የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው፣ የዶርም ጓደኛዬ። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛና ምን ብጠይቀው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ራስ ምታት? አልሐምዱሊላህ። ደም? አልሐምዱሊላህ። በጥፊ ልለው ትንሽ ቀረኝ።

በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ እንጃ፣ ጥያቄዬን ለወጥሁ። ከወለድሽ ወዲህ ስንት ፓድ ቀየርሽ? ቀና ስትይ ዓይንሽ ይጨልማል?

ብርድ ልብሱን ገልጦ ተነሥቶ ተቀመጠ። «በዚህስ መዋሸት ያስቸግራል» አለኝ።

ረቡዕ

ከክፍል በኋላ ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለው ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ማክሰኝት ከተማ ለምትኖረው እናቴ ደወልሁ። «ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ በርታ» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው።

«የግፊት ኪኒንሽን ዛሬ ስንት ሰዓት ዋጥሽ?» አልኋት።

«ካለቀ እኮ ሁለት ሳምንት ሆነው» አለች።

ስንቴ ደህና ነኝ ስትለኝ አምኜ ስልኩን ዘግቻለሁ። በራሴ ተናደድሁ። ነገ ጤና ጣቢያ ካልሄድሽ ተሳፍሬ እመጣለሁ ብዬ አስፈራራኋት።

ሐሙስ

እናቴ ሄደች። ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒቱን ይዛ ተመለሰች። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዓርብ

አለፍሁ።

ሲስተር ሆነ ብለው አከበዱብኝ። «ተወኝ የኔ ወንድም፣ ልተኛበት» አለች አሻንጉሊቷ፣ አንጀት በሚበላ ድምፅ። እንደ ባለፈው ሰኞ ቢሆን ትቻት እወጣ ነበር። «ይቅርታ እህቴ፣ ሳላይሽ አልሄድም፤ ብርድ ልብሱን ልግለጠው?» አልሁ። «ግለጠው እንግዲህ» አለች።

ደም። እርዳታ ጠራሁ፣ ማህፀኗን አሸሁ፣ እንዲኮማተር ኦክሲቶሲን ሰጠሁ፣ ደም ሥር ከፍቼ ፈሳሽ አስገባሁ። ማንንም ምን ላድርግ ብዬ ሳልጠይቅ። የሞኒተሩ ድምፅ እየተረጋጋ ሲሄድ ከደስታዬ ብዛት ልስቅ ነበር።

ሲስተር ወጥተው ቅጹ ላይ ፈረሙ። «ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ጋውንህን ተኩሰህ» አሉኝ። ከድር ተሸክሞኝ ኮሪደሩን ዞረ።

ሰኞ የማገኛት እናት ግን የእውነት ናት፤ እሷ ላይ ድጋሚ ፈተና የለም። ይሁን። እየፈራሁም ደስ ብሎኛል።