በሐመሩ ሐ የተጻፈውን ስሕተት ማየት ስላቃተው ባልደረባዬ

ለክቡር የነዋሪዎች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ እንዲጸና፣ ጉልበትዎ እንዲበረታ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎ እንዳይደክም ከልብ እመኛለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፈው ወር መጀመሪያ ወደ እኛ ክፍል ወርደው፣ ወንበር ስበው፣ አዲሱ ባልደረባችን ሲሠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ሲመለከቱት ስላየሁ ነው። እኔ መስኮት ቁጥር አራት ላይ በተቀመጥኩባቸው ዐሥራ ሰባት ዓመታት ከኋላዬ የቆሙት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የጠፋብዎትን ጃንጥላ ሲፈልጉ ነበር።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ እንግዳም ላስረዳ። ባልደረባዬ ሰው አይደለም። የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ እጅ ሳይነካው ማውሱን ራሱ እያንቀሳቀሰ የነዋሪዎችን ፋይል ከአሮጌው መዝገብ ወደ አዲሱ ያዛውራል፤ ስክሪኑ ላይ «እርግጠኛ ነዎት?» የምትል ትንሽ መስኮት ብቅ ስትልም «እሺ» የሚለውን ይጫናል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ቀልጣፋው» ይለዋል። እኔን ደግሞ «ሐመሩ» ይሉኛል፤ ሐመሩ ሐ በሚገባበት ቦታ ሃሌታውን ሀ የደነቀረውን፣ እሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ የቀላቀለውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ስለማርም ነው። ከሁለቱ ቅጽል ስሞች የትኛው በፍቅር እንደወጣ ለክቡርነትዎ መንገር አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ከመጪው ወር ጀምሮ መስኮት ቁጥር አራት እንዲዘጋ፣ ጠረጴዛዬ ለቀልጣፋው እንዲሰጥ፣ እኔም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ እንድዛወር የሚያዘውን፣ ባማረ ፊርማዎ የተዋበውን ደብዳቤ ተቀብያለሁ። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለባልደረባዬ ስለተደረገው መስተንግዶ።

ቀልጣፋው ሥራ በጀመረበት ዕለት ሙቀት እንዳይጎዳው የራሱ የአየር ማራገቢያ ተተከለለት። ማራገቢያው የሚዞረው ወደ እሱ ብቻ ስለሆነ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ የእሱን ነፋስ በጆሮዬ አዳምጣለሁ። ስክሪኑ በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። በላዩም «እባክዎ አይንኩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎለታል። በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ባለጉዳይ በመስኮቴ ቀዳዳ እጁን አሾልኮ እጅጌዬን እንደጎተተ ቢያውቁ ኖሮ ለእኔም አንድ ወረቀት አይነፍጉኝም ነበር። ከሌላ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሲመጡ ይዘዋቸው ይወርዱና «ሥራውን ሁሉ የሚሠራልን ይኸውላችሁ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንዳላስቸግር ወንበሬን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደርጋለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም ከምሄድ በግልጽ ልናገር፤ ቀንቻለሁ። ወንበርዎን ስበው አጠገቡ ስለተቀመጡ ቀንቻለሁ፤ «ጎበዝ» ስላሉት፣ ያውም ጆሮ ለሌለው ነገር ስላሉት፣ ቀንቻለሁ። ቤቴ ገብቼ ስለ እሱ ማውራት ስላበዛሁ አናጢው ባለቤቴ እንኳ ተሰላችቷል። አንድ ቀን መላጊያውን አስቀምጦ፣ በሰው ብቀና ምን እንደሚለኝ ያውቅ እንደነበር፣ በኮምፒውተር ለቀናች ሚስት ግን ምን እንደሚባል ማንም እንዳላስተማረው ነገረኝ።

፪. ሥርዓት ስለማጣቴ።

ባለሙያው ቀልጣፋውን በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሊያስጀምረው ሲሞክር ስክሪኑ መካከል አንዲት መስኮት ብቅ አለችና «ሥርዓት አልተገኘም» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያረፈበት ማሽን የሚሠራው በአሮጌው ሥርዓት ይሁን በአዲሱ ለይቶ ማወቅ አለበት። የእኔን ማሽን መለየት አቃተው። ባለሙያው አጠፋው፣ አበራው፣ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ መስኮቷ ግን ያንኑ ደገመች። ምሳ ሊበላ ሲወጣ ማንም እንዳይነካው ብሎ «ሥርዓት የለውም» የሚል ወረቀት ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። ከባልደረቦቼ አንዱ፣ ሰውየውን እስካሁን አላወቅሁትም፣ «የለውም» የሚለውን «የላትም» አድርጎ የወንበሬ ጀርባ ላይ ለጠፈው። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ከኋላዬ ለምን እንደሚሥቅ ሳላውቅ ዋልኩ።

ክቡር ሆይ፣ ያ ሥርዓት የት እንደገባ እኔ ዐውቅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ኮምፒውተሮች ሲቀየሩ ለመስኮት ቁጥር አራት አልተረፈም ተባለና አሮጌው ማሽኔ ላይ አዲሱ መዝገብ «ለጊዜው» ተጫነበት። ያ ጊዜ አሁንም አላለፈም። ማሽኔ ላዩ አሮጌ፣ ሆዱ አዲስ ነው፤ ይህንንም በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያስታውስ የለም። ባለሙያው ክንዴ ክንዱን እስኪነካ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ ማሽኑን ስምንት ጊዜ ጠየቀው፤ እኔን ግን አንድ ጊዜም አልጠየቀኝም። በመጨረሻ ሲሰለቸው፣ ሥርዓቱ ካልታወቀ አሮጌ ነው ብለህ ቀጥል ብሎ ጻፈለትና ወጣ።

፫. ስለ መማር።

ቀልጣፋው ሲያጠፋ «ገና እየተማረ ነው» ይባላል። እኔ ባለፈው ዓመት የአንድ ነዋሪን የአያት ስም ሁለት ጊዜ ስለጻፍኩ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጥቶኛል፤ እኔም እየተማርኩ ሊሆን እንደሚችል በጊዜው ለማንም ትዝ አላለውም።

ስለ መማር ከተነሣ ዘንድ፣ ካስተማሩት አንዷ እኔ ነኝ። ባለሙያው ፕሮግራሙን ሲጽፍ አንድ ነገር ቸግሮት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። አንድ ፋይል እንከን ሲኖርበት አሮጌው መዝገብ በሃሌታው ሀ «ስህተት» የምትል መስኮት ያወጣል፤ አዲሱ መዝገብ ደግሞ፣ የተረጎመው ሰው ፊደል ዐዋቂ ስለነበር፣ በሐመሩ ሐ «ስሕተት» የምትል መስኮት ያወጣል። ለእኔና ለእርስዎ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ግን ጨርሶ የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። ልዩነቱን ያሳየሁት፣ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነም የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱም በአሮጌ ማሽን ላይ ስህተትን፣ በአዲስ ማሽን ላይ ስሕተትን እንዲፈልግ፣ ሲያገኝም ፋይሉን ለሰው ትቶ እንዲያልፍ አድርጎ ጻፈው። በምረቃው ዕለት ክቡርነትዎ ባለሙያውን «ለጥንቃቄው» አመስግነው ጨበጡት። እኔም ከኋላ ረድፍ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩት ሰው ፊቴን ትቶ እጄን እንዲያይ ነው።

፬. ቅሬታ ሳይሆን ሌላ ነገር።

እስከ አሁን የጻፍኩትን አንብበው ነገሩ ገብቶዎት ይሆናል። የእኔ ማሽን አዲሱን መዝገብ ስለሚጠቀም በሐመሩ ሐ «ስሕተት» ይላል፤ ቀልጣፋው ደግሞ ማሽኑን አሮጌ ነው ብሎ ስለተቀበለ በሃሌታው ሀ የተጻፈውን ብቻ ይፈልጋል። የማያውቃት መስኮት ስትመጣበት አላስፈላጊ ማስታወቂያ ናት ብሎ ይዘጋታል። ስለዚህ እንከን ያለበት ፋይል ሁሉ ከአሮጌው መዝገብ ተሰርዞ፣ አዲሱ ውስጥ ሳይገባ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን «ተጠናቅቋል» ተብሎ ቀረ።

ይህን ያየሁት በመጀመሪያው ቀን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መስኮቷ ዓይኔ ሥር ብልጭ ብላ ስትዘጋ ፊደሏን አነበብኳት፤ ምክንያቱንም ወዲያው ዐወቅሁ። ባለሙያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም። ይሳሳት ብዬ፣ ክቡርነትዎ ፊት ይዋረድ ብዬ፣ ወንበር ስበው ያዩት ሁሉ ከንቱ እንደነበር እንዲያውቁት ብዬ ዝም አልኩ። ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። እያንዳንዷ መስኮት ስትዘጋ ሆዴ ቅቤ ይጠጣ ነበር፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተዘጋች።

ከእነዚህ ፋይሎች አንዱ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እኅቷ በቅርቡ ሞታ የተወችላትን ልጅ በራሷ ቤተሰብ መዝገብ ላይ ለማስፈር አመልክታ ነበር፤ ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ሲሆን ማረጋገጫው እስኪወጣ በሕፃናት ማቆያ ተቀምጣለች። ሴትየዋ በሦስተኛው ቀን መጣች፤ ዝርዝሩን ከፍቼ ተጠናቅቋል አልኳት። ማቆያው ግን በአዲሱ መዝገብ ላይ በስምሽ የሰፈረች ልጅ የለችም ብሎ መለሳት። በስድስተኛው ቀን ደግማ መጣች፤ አሁንም ተጠናቅቋል አልኳት። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ዱቄቱ ከክንዷ ሳይራገፍ፣ መስኮቴ ላይ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። እንዲህ ብቻ አለችኝ፦

«እኅቴ፣ አለቀ አለቀ የምትሉኝ ነገር የት ነው ያለቀው? ቦታውን ንገሪኝና ሄጄ ልያዘው።»

ያን ጊዜ ተነሥቼ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድኩ፤ የማሽኔን ታሪክ ለባለሙያው ነገርኩት። ሥርዓቱ ካልታወቀ ሁለቱንም ፊደል እንዲፈልግ አድርጎ ለማስተካከል አራት ደቂቃ ፈጀበት። በማግሥቱ ስብሰባ ላይ ክቡርነትዎ «ችግሩን በፍጥነት ስላገኘው» ባለሙያውን አመሰገኑት፤ እሱ እኔን ሊያነሣ አፉን ሲከፍት በዓይኔ ከለከልኩት። ትሕትና መስሎት ይሆናል። እውነቱ ግን፣ መቼ እንዳወቅሁ ማንም እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ ነበር። ይኸው ሳልጠየቅ ተናገርኩ።

፭. ስለ መጪው ወር።

መስኮቴ እንዲመለስልኝ አልለምንም። ዕቃ ግምጃ ቤቱም ይስማማኛል፤ የተሰበሩ ወንበሮች የሚቀመጡበት ክፍል ስለሆነ ቢያንስ የማንም እንግዳ መተላለፊያ አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ፋይሎች ከአሮጌው መዝገብ ስለተሰረዙ ቀልጣፋው ሊያገኛቸው አይችልም፤ ያሉት በወረቀት ላይ፣ በእኔ ካቢኔ ውስጥ፣ አብዛኛውም በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። እስከ ዛሬ ሠላሳ ስምንቱን ባለቤቶቻቸውን እየጠራሁ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ መልሼ መዝግቤያለሁ። የቀሩት እስኪያልቁ ዝውውሬ ይዘግይ። ከዚያ በኋላ ለፈጸምኩት ጥፋት የሚገባኝን ቅጣት ይወስኑ፤ እባክዎ «ገና እየተማረች ነው» ብለው እንዳያልፉኝ።

የዳቦ ጋጋሪዋን ፋይል ያስቀደምኩት መሆኑን መግለጽ አያስፈልገኝም። ፋይሏን መልሼ በመዘገብኩ በሁለተኛው ቀን ልጅቷን እጇን ይዛ መጣች፤ መስኮቱ ላይ እንድትደርስ አነሣቻትና «ይቺ ናት የረዳችን፤ አመስግኛት» አለቻት። ልጅቷ አመሰገነችኝ። ክቡር ሆይ፣ በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እዚህ መሥሪያ ቤት ያገኘሁት ምስጋና ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰርቄ ነው የወሰድኩት።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ምንጣፍዎ እንዳይሣሣ፣ ፊርማዎም እንደ ወትሮው ከሚፈርሙበት ጉዳይ በላይ እንዲያምር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ
የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ

ግልባጭ፦
ለኮምፒውተር ክፍል
ለዕቃ ግምጃ ቤት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የላክሁት በሥርዓቱ መሠረት ለጽሕፈት ቤትዎ የአቤቱታ መቀበያ በኮምፒውተር ነበር። ከአራት ሰከንድ በኋላ፣ በክቡርነትዎ ስምና ፊርማ፣ «አቤቱታዎን በጥሞና አንብቤ ተገቢውን ውሳኔ ሰጥቻለሁ» የሚል መልስ ደረሰኝ። ስለ ጥሞናዎ እያመሰገንኩ፣ ይህን ቅጂ በሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ሌሎች ሰዎች ቀስ ብለው አንብበው ምን እንደሚል እንዲነግሩዎት ነው።