የጠፋችው ትንሿ ሁለት

ሰኞ

አንገሸገሸኝ! ሐያት፣ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጎበዟ፣ የሳይንስ ፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። «የፍሎሪን ጋዝን ቀመር ጻፉ» ለሚለው F₂ ብላለች፤ ያረመው መምህር ኤክስ አድርጎበታል። የመልስ ቁልፉ F ብቻ ነው የሚለው። F ብሎ የጻፈ ልጅ በዚህችው ነጥብ በለጣት። ለክፍለ ከተማው የሳይንስ ውድድር የሚሄደው አንድ ልጅ ነው፤ ስም የሚላከው ሐሙስ።

ማክሰኞ

ቁልፉን ከእጅ ጽሑፌ የተየቡት ጸሐፊያችን ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። «ትንሽ ሁለት ከመስመር ወርዳ አየሁና፣ እጅሽ ስቶ መስሎኝ አጠፋሁልሽ» አሉኝ። አጠፋሁልሽ! ውለታ መሆኑ ነው።

እሳቸውስ ኬሚስትሪ አልተማሩም። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ግን ተምሯል፤ ያስጠላኝ እሱ ነው። «F ሆነ F₂ ያው ፍሎሪን አይደል? ደግሞ ማኅተም አርፎበታል» አለኝ፣ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ። ትፍ!

ያው አይደለም። አንድ የፍሎሪን አቶም አንድ ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፤ ብቻውን መቆም አይሆንለትም። ከመሰሉ ጋር ጥንድ ኤሌክትሮን ይጋራል፣ ዝናብ የያዛቸው ሁለት ሰዎች አንድ ጃንጥላ እንደሚጋሩት። ጋዙ ማለት ጥንዱ ነው። ማኅተም አቶም አያፋታም።

ረቡዕ

ቁልፉን አስወጥቼ አየሁት። ከማኅተሙ ጎን «አንብቤ አጽድቄያለሁ» ይላል። ፊርማው የኔ ነው።

አላነበብኩትም። የአቃቂ በሰቃ ታክሲ ሰልፍ እንዳይረዝምብኝ ቸኩዬ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! ራሴን ተጠየፍኩ። መስኮት ብከፍት ከግቢያችን ጀርባ የሚያልፈው ወንዝ ግማት ገባ፤ እሱ እንኳ ከኔ ይሻላል።

ለኃላፊው ብነግረው ሳቀ። «ስህተትሽን አምነሽ ደብዳቤ ጻፊ፤ ቁልፉ ይታረማል። ደብዳቤው ግን ከፋይልሽ ይያያዛል» አለኝ።

ሐሙስ

ጻፍኩ። «ሳላነብ ፈረምኩ።» ሁለት ቃል፤ እንደ ኮሶ መረረኝ። እሱም ማኅተም ተመታበት። ነጥቡ ወደ ሐያት ዞረ፣ ስሟ ተላከ። እፎይ ልል ነበር።

ልነግራት ክፍል ስገባ ደብተሯን ገልጣለች። F₂ ካለበት ሁሉ ሁለቷን በላጲስ ፍቃ ፍቃ ወረቀቱን ሊቀደድ እስኪደርስ አሳስታዋለች።

«መልሰሽ ጻፊያት፤ ልክ ነበርሽ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አንስታ አየችኝ። «ቲቸር፣ ነገስ አይቀየርም?»

«አይቀየርም» አልኳት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ሁለቷን በእርሳስ ጻፈቻት።