በጫፉ ተሰቅሎ ስለደረቀው ባንዲራና ስለታሰረችው እናቴ

ለከተማው ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ጉዳዩ፦ እናቴ ከእስር እንድትፈታ፣ የዓይን መድኃኒቷ ዛሬውኑ እንዲገባላትና ወንጀል ነው የተባለው ባንዲራ በትክክለኛው አሰቃቀሉ እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በትዕዛዝ ባንዲራ እያሰፋሁ በኢንተርኔት የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሱቃችን በስልክ የሚታይ ገጽ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ነው። በአንዱ ክፍል እንተኛለን፣ በሌላው እንሰፋለን። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ በማዕረግ ተመርቄያለሁ። ሥራ ፍለጋ ደጅ መጥናት ሲሰለቸኝ እናቴ፣ «ዲግሪሽን ግድግዳ ላይ ስቀይውና ነይ መቀስ ያዢ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ትሰፋለች፤ እኔ ንድፍ አወጣለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጻጻፋለሁ። የንግድ ፈቃዳችን የታደሰ ነው።

2. ባንዲራ የሚያዘን ሰው ብዙ ዓይነት ነው። የሰፈር እግር ኳስ ቡድን፣ ሙሽሮች፣ አዲስ ዳቦ ቤት የሚከፍቱ ባልና ሚስት። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ የራሱን መንግሥት አቋቁሞ በአባቱ በኩል ባንዲራ አዞናል። «ጦር ሠራዊቴ ድመቷ ስለሆነች እሷ ትግባበት» ብሎ አስጽፏል። ይህን የማነሳው ክቡርነትዎን ለማሳቅ አይደለም። ከቤታችን የተወሰዱ ዕቃዎች ሲመዘገቡ ይህ ባለ ድመት ባንዲራ «ዕውቅና የሌለው መንግሥት ባንዲራ» ተብሎ ስለተጻፈ ነው።

3. ለእናቴ መታሰር ምክንያት የሆነውን ባንዲራ ያዘዙን በብስክሌት ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች ናቸው። አንድ ጓደኛቸውን ዕቃ ተሸክሞ ሲሄድ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ እሱ በወደቀበት መንገድ ላይ ባንዲራ ይዘው በብስክሌት ሊያልፉ ፈለጉ። ንድፉን ያመጣልን ጓደኞቹ «ፍሬን የለሽ» የሚሉት ልጅ ነው። እንደ ሥራ ጃኬታቸው ከላይ ብርቱካናማ፣ መካከሉ ነጭ፣ ከታች ጥቁር፤ ሦስቱም አግድም። መሀሉ ላይ የብስክሌት ጎማ። «ማዘር፣ ጎማው የእውነት ጎማ ይምሰል» አላት እናቴን፤ «እሱ ጎማውን ሳይነፋ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር።» እናቴም ከጎማው ጠርዝ ላይ ነፋስ የሚሞላባትን ጫፍ በጥቁር ክር ሰፋችለት። የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ይህችን ጫፍ እባክዎ ያስታውሱልኝ።

4. አሁን የሥራችንን ልማድ ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እናቴ ባንዲራ ሳታጥብ አትልክም። «ዝናብ ከሚያዋርደኝ የራሴ ገንዳ ያዋርደኝ» ትላለች፤ ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ካለ ደንበኛው ሳያየው እሷ ትየው ማለቷ ነው። ታጥቦ ሲሰጣ ደግሞ በእጅጌው አይሰቀልም። እጅጌ የምንለው ገመድ የሚገባበትን፣ በዘንጉ በኩል የሚውለውን ድርብ ሸራ ነው። ውሃ አምቆ ይይዛል፤ የናስ ቀለበቶችም አሉት። እሱን ወደ ላይ አድርገን ካሰጣነው ውሃው በቀለሙ ላይ እየወረደ መስመር ያወጣበታል። ስለዚህ ባንዲራውን ነፋስ በሚመታው ጫፉ በኩል ቆንጥጠን፣ እጅጌውን ወደ መሬት አድርገን እናሰጣዋለን። በክብደቱም ስፌቱን ወጥሮ ያቃናዋል። እንዲህ ሲሰጣ ግን አግድም የነበረው ቀለም ሁሉ ቁም ይሆናል።

5. ከመወለዴ በፊት የታገደ አንድ ማኅበር ነበር። ባንዲራው ብርቱካናማ፣ ነጭና ጥቁር ነው አሉኝ፤ ቀለሞቹ ቁም ናቸው፣ መሀሉ ላይ ፀሐይ አለበት። እኔ ያየሁት መርማሪው ከአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ አውጥቶ ሲያሳየኝ ነው። እናቴም የማኅበሩን ስም እንጂ የባንዲራውን መልክ አታውቅም ነበር። የብስክሌተኞቹ ባንዲራ በረንዳችን ላይ ቁልቁል ተሰጥቶ ሳለ ማንነቱን የማላውቀው መንገደኛ ከታች ፎቶ አንስቶ፣ «እነዚያ ተመልሰው መጡ» ብሎ ለጠፈው። እጅጌው ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር በራችን ሲደበደብ።

6. የመጡት ሰዎች ሁለቱን የስፌት መኪኖቻችንን፣ ጨርቁን፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም ባንዲራ ወሰዱ። «ሰፊዋ ማናት?» ብለው ሲጠይቁ እኔ፣ «ሱቁ የእኔ ነው» አልኩ። እናቴ ከኋላዬ ብቅ ብላ፣ «እሷን ተዉአት፤ መርፌ አያያዝ እንኳ በቅጡ አታውቅም። ያደፋፈርኳትም እኔ፣ የሰፋሁትም እኔ» አለች። በሰው ፊት ያዋረደችኝ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። ደረጃውን ይዘዋት ሲወርዱ ነው የገባኝ።

7. በምርመራ ክፍሉ እኔም ነበርኩ። መርማሪው በዕድሜ እናቱ የምትሆነውን ሴት «አንቺ» እያለ ይጠይቅ ነበር፤ ይህን ለብቻው አቤት አልልበትም። መጀመሪያ ላይ ክፉ ሰውም አልመሰለኝም፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ለመሄድ የቸኮለ እንጂ። «ዛሬ ሂዱና ነገ ትመለሳላችሁ» ብሎን ነበር። ከዚያ ጣቱን ባንዲራው መሀል ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎማ።»

«ፀሐይ ነው።»

«የብስክሌት ጎማ ነው፣ ጌታዬ።»

«ፀሐይ ነው እያልኩሽ ነው!»

እናቴ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ባንዲራውን ወደ ፊቷ አስጠጋችና ያችን በጥቁር ክር የሰፋቻትን ጫፍ በጥፍሯ ነካ አደረገቻት። «እሺ፣ ይሁንልዎ። ፀሐይ ግን ከመቼ ወዲህ ነው ነፋስ የምትሞላው?» አለችው።

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። መርማሪው ግን አልሳቀም፤ ባንዲራውን አጥፎ፣ «አስገቧት» አለ። ክቡርነትዎ፣ እኔ የተማርኩት ሕግ አይደለም። ሆኖም እናቴ የታሰረችው በባንዲራው ይሁን በሳቁ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጠባቂውንና ጸሐፊዋን ያስጠይቁልኝ።

8. ፍሬን የለሽ ነገሩን እንደ ሰማ ብርቱካናማ ጃኬቱን እንደ ለበሰ እየበረረ መጣ። «ባንዲራው የእኛ ነው፤ ማዘር ምንም አታውቅም» ሊል። የተቀበለው መልስ፣ «ቸኩለህ አትምጣ፤ ስምህ ሲደርሰን እኛው እንጠራሃለን» የሚል ነው። ምስክርነቱን የተቀበለው የለም። በማግስቱ መርማሪው ለእናቴ አንድ ወረቀት አቀረበላት። ባንዲራውን ያዘዙት የታገደው ማኅበር ሰዎች ናቸው ይላል። «ፈርሚና ውጪ፤ አንቺን ማን ይፈልግሻል» አላት። እናቴ አልፈረመችም። እኔም፣ ደፍሬ ልናገረውና፣ እንድትፈርም ለምኛታለሁ። በፍርግርጉ ቀዳዳ አተኩራ አየችኝና፣ «ልጆቹ አንድ ቀብረዋል። ይበቃቸዋል» አለች።

9. እናቴ የዓይን ግፊት ሕመም አለባት። በየምሽቱ በሁለቱም ዓይኗ ጠብታ ካልተደረገላት ብርሃኗን ታጣለች፤ አንዴ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። የሐኪሙን ማስረጃ ጨምሬ ጠብታውን ይዤ ብመላለስም የበሩ ጠባቂ፣ «ፈሳሽ አይገባም» ይለኛል። ውሃ እንዴት እንደሚገባ ብጠይቀው፣ «እህቴ፣ ነገረኛ አትሁኚ» አለኝ። ማስረጃውን ግን አላነበበውም። እናቴ መብራት ሲጠፋ እንኳ ክር መርፌ ዓይን ውስጥ የምታስገባ ሴት ነበረች፤ እኔ በቀን የሚያቅተኝን። ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ስሄድ እጄን ልትይዝ እጇን ሰደደች። የጨበጠችው የፍርግርጉን ብረት ነው። ብረቱን እንደ ያዘች፣ «እጅሽ ምነው በረደ?» አለችኝ። እኔም እጄን ከብረቱ ጎን አስጠግቼ፣ «ውጪው ቀዝቃዛ ነው» አልኳት።

10. ባንዲራው በገመዱ ተሰቅሎ እንዲታይ ለምርመራ ክፍሉ ስጠይቅ ወደ ዕቃ ጥበቃ ክፍል ላኩኝ። የክፍሉ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው፤ ሳጥኑን ከፍቶ አሳየኝ። እጅጌው ተቆርጧል። «ብረት ያለው ነገር ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ሸራውም ሳጥኑን አላስዘጋ ሲለኝ ነው» አለ። ቀለበቶቹና ገመዱ የት እንደገቡ አያውቅም። እንግዲህ የቀረው ጨርቅ በየትኛውም በኩል ቢያዞሩት እኩል ነው፤ ላዩን ከታቹ፣ አግድሙን ከቁሙ የሚለየው ነገር በመቀስ ሄዷል። የእናቴ ንጹሕነት እዚያች ቁራጭ ሸራ ላይ ነበር።

ስለ ቤታችን ብዙ አልልም። በገጻችን ላይ «ወይዘሮ ፀሐይ» እያሉ የሚሳለቁባት ሰዎች በዝተዋል። ትናንት ጨው ስትበደረን የነበረች ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ስልክ የምታናግር ትመስላለች። ይህ ያልፋል። የዓይን ብርሃን መጥፋት ግን እንደ ሐሜት አያልፍም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። ከሁሉ በፊት ጠብታው ዛሬ ይግባላት፤ ለነገ የሚያድር ጉዳይ አይደለም። ቀጥሎም ፍሬን የለሽና ጓደኞቹ እንደ ምስክር እንጂ እንደ ተጠርጣሪ ሳይታዩ ቃላቸው ይወሰድ። ከዚያም እናቴ ትፈታ፤ መኪኖቿ ይመለሱላት።

ክቡርነትዎ «ባንዲራው ተቆርጧል፤ ማስረጃሽ የታለ?» ሊሉኝ እንደሚችሉ አስቤያለሁ። መልሴ ከዚህ አቤቱታ ጋር ታሽጎ ደርሶዎታል። ባንዲራውን ደግሜ ሰፍቼዋለሁ። መኪኖቻችን በእጃችሁ ስላሉ በእጄ ነው የሰፋሁት። ቀለሙ ያው ነው፣ ልኩ ያው ነው፤ እጅጌው፣ ገመዱና የናስ ቀለበቶቹ አልጎደሉም። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ እናቴ ብታየው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርትራ ታስደግመኝ ነበር። ጎማው ክብ ሊሆንልኝ አልቻለም። ነፋስ የሚሞላባት ጫፍ ግን አለች፤ እሷን ለመስፋት ጣቴን ደጋግሜ ወግቻለሁና ነጩ ላይ የምትታየው ቡናማ ነጠብጣብ የእኔ ናት።

ከጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ውስጥ ባዶውን የቆመ ሁለተኛ ዘንግ አለ። እባክዎ ባንዲራውን በእጅጌው በኩል እዚያ ያሰቅሉትና ነፋስ እስኪመታው ቆመው ይዩት። አግድም ሆኖ ጎማ ካዩበት እናቴ በምን ታስራ እንደምትውል የሚነግረኝ ሰው ይኑር። በጫፉ ገልብጠው ሰቅለው ወንጀል ነው ካሉም፣ ያው ወንጀል በእኔ እጅ ተደግሟል። እያወቅሁ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ወንጀል መባሉን ካየሁ በኋላ ሰፍቼዋለሁ። እናቴ ሳታውቅ ከታሰረችበት እኔ አውቄ የምቀርበት ምክንያት የለም። ወይ ሁለታችንም ወደ ቤታችን እንግባ፤ ወይ እኔንም እሷ ዘንድ ያስገቡኝና በየምሽቱ ጠብታዋን ላድርግላት።

ይህ ፖስታ እጅዎ ሲገባ እኔ በርዎ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ጠብታዋንና ስትታሰር አስወልቀው የሰጡኝን መነጽሯን፣ ለእኔም ቅያሪ ልብስ ይዣለሁ። የትኛውን በር እንደሚያስከፍቱልኝ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ለወንበርዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የታሳሪዋ ልጅ፣ ባንዲራ ሰፊ
ሙሉ ስሜና አድራሻዬ በፖስታው ጀርባ ሰፍሯል

አባሪ፦
የሐኪም ማስረጃ
ባንዲራ፣ አንድ። የሰፋችው፦ መርፌ አያያዝ አታውቅም የተባለችው አመልካች