የታጠበው ጃኬት

እማዬ፣

በዚህ ቤት አባዬን እንደ እኔ የሚያውቀው ሰው የለም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጠረኑ ብቻ ከሺህ አናጢ መሃል ለይቼ አወጣው ነበር። አንቺ ግን ዕድሜሽን ሙሉ አብረሽው ኖረሽ፣ የሥራ ጃኬቱን ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፈሽ አጠብሽው!

ከሞተ ጀምሮ ትራሴ ሥር ነበር። ቫርኒሽ፣ ኮላ፣ ሰጋቱራ፣ ትንሽ ላብ ይሸት ነበር። አፍንጫዬን እሱ ውስጥ ቀብሬ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ እንደ ሆቴል ፎጣ አበባ አበባ ይላል። ጎሽ! እጅሽ ይባረክ!

ደግሞ ምን ይገርመኛል? በቀብሩ ዕለት እንኳ አንዲት እንባ ጠብ ሳታደርጊ ለእንግዳ ወንበር ስታደላድዪ ዋልሽ። ድግስ የደረሰባት እንጂ ባሏ የሞተባት አትመስዪም ነበር።

አክስቴ ጋ ሄጃለሁ፤ እዚያ ነው የማድረው። ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፣ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። አባዬ ቢኖር…

ተዪው።

ቁልፉ ጎረቤት ነው። መድኃኒትሽን እንዳትረሺ።

ልጅሽ

(እናትየው ከሥሩ ጽፋ ወረቀቱን አክስትየው ቤት ላከችው፦)

ያ ጃኬት የአናጢው አጎትሽ ነው። የአባትሽን መሣሪያ ከወርክሾፑ ሲያመጣ ረስቶት ሄዶ፣ ትናንት እንዳጥብለት ለመነኝ። አቅፈሽው የከረምሽው የእሱን ላብ ነው። የአባትሽን እኔ ለብሼው ነው የምተኛው። አልታጠበም። ላንቺም አላውስም።