ከአንድ ማለፍ የሌለበት ቁጥር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። እንደምን ሰነበቱ? የሰፈራችን የየቡ ብርድ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ከጅማ ብደውል ድምፅዎን ስሰማ አንደበቴ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

አባዬ፣ ቡናውን ያሻገተው እርጅናዎ አይደለም። እኔ ነኝ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ በቡናው ፍሬ ውስጥ በየቀኑ የሚቀረውን እርጥበት የማሰላው ፖሊኖሚያል በሚባሉ ስድሳ ቀመሮች ነው። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይነካም፤ ስድሳውን ደምሬ የሚደርቅበትን ቀን አገኛለሁ። እኔ በምሠራበት ክልል የአንዳቸውም ዋጋ ከአንድ ማለፍ የለበትም። እያንዳንዱን ከሁለቱ ቀዳሚዎቹ እያወጣሁ በትዕግሥት መሄድ ነበረብኝ። ቸኮልኩ፤ ስድሳኛውን ዘርዝሬ በአንዴ ልደርስበት አልኩ። ግዙፍ ቁጥሮች እርስ በርስ ሲጠፋፉ፣ ኮምፒውተሩ የሚይዘው አሥራ ስድስት አሃዝ ብቻ ነውና፣ የተረፈው ቆሻሻ ሆነ። ከአንድ ማለፍ የሌለበት ቁጥር ባለ ስድስት አሃዝ ሆኖ ወጣ። አየሁት፣ አባዬ! አይቼ «ከአንድ ያለፈውን ሁሉ አንድ በለው» የሚል መስመር ጽፌ ሸፈንኩት። ከዚያ ደውዬ፣ ሐሙስ ይደርቃል፣ ከማድረቂያው አልጋ ያንሱት አልኩዎት። እርስዎም «ረኮን ህንጅሩ፣ ችግር የለም፣ ልጄ ካሰላችው አለቀ» ብለው በጆንያ አስገቡት። ገና እርጥብ ነበርና እዚያው ሻገተ።

አማካሪዬ ዶክተር ደበበ መስመሯን አግኝተው ይህ ምንድን ነው ብለው ጽሑፌን መለሱብኝ። የማለቅሰው መመረቄ ቀረ ብዬ አይደለም። ወንድሜ ሙኒር እንደነገረኝ ጎረቤቶቹ የእርስዎ ጥርስ ደነዘ ብለው ፍሬ ማስነከስ ትተዋል። እርስዎም «አዎ፣ አረጀሁ» ይሏቸዋል አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ቡናው መድረቁን የሚያውቀው በእርስዎ ጥርስ ነበር። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ያን ሐሙስ ለላቦራቶሪ ብለው የላኩልኝን ናሙና እስከ ትናንት አልከፈትኩትም ነበር። ከላይ የተፈለፈሉ አሥር ፍሬዎች አሉ። አሥሩም ላይ ጥርስዎ ጠልቆ ታትሟል። የደረቀ ቡና ጥርስ አይቀበልም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እርጥብ መሆኑን ለማወቅ አንዱን መንከስ ይበቃዎት ነበር። ለምን አሥር ጊዜ ነከሱ?

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እመጣለሁ። ፍሬዎቹን ይዤ በጎረቤቶቹ ፊት እናገራለሁ። እባክዎ አባዬ፣ ዳግም «አረጀሁ» ብለው አይሸፍኑኝ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጥርስዎንም ይጠብቅልኝ።

ልጅዎ