ኤልዳናን የቀማኝ ዳኛ

ውድ ወንድሜ ይገዙ፤

በእድሜያችን ላይ የተጨመረውን ያህል ሰላምህ ይጨመርልህ። ጉልበትህ እንዴት ነው? ጥርስህስ? የቀሩትን ሁለቱን ማለቴ ነው። ዘነበወርቅ አሁንም ችላህ ትኖራለች? ዝናቡስ በጊዜው ጣለ? እኔ ከደም ግፊቴና ከልጄ ከቲጂ ቁጣ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ተመስገን።

ይልቅ ጉዴን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ስማው። የቲጂ ልጅ ኤልዳና ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ምን መሰለህ? ስድብ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች ተሰዳድበው የተካሰሱበትን መዝገብ ነው የምታነበው። አንዷ ጎረቤቷን በደጇ ላይ ቆማ አመንዝራ ትላታለች፤ ተሰዳቢዋ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ትከሳታለች፤ መንደርተኛው የሰማውን ቃል በቃል ይመሰክራል፤ የተረታችው በምእመናን ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች። ልጅቷ ራት ላይ ስትነግረኝ፣ እንግሊዝም ለካ እንደኛው ሰው ነው አልኩ። በአገራችን ስድብ እንዴት እንደሚዳኝ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። በእኔ አፍ የተነሣ ስንት ሽማግሌ ሥራ ፈትቶ እንደዋለ አንተ ታውቃለህ።

እሷ ግን ማንን ብትመርጥ ጥሩ ነው? አቶ ነጋን። ድሮ የወረዳ ዳኛ የነበረ፣ አሁን እዚሁ አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ የሚባል ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ገበያ ትወስደኝ የነበረችው ልጅ እሱ ቤት መዋል ጀመረች። እኔ ሳወራ ስልኳን ታያለች፤ እሱ ሲያወራ ሪኮርድ ታደርጋለች። እኔን አንተ ትለኛለች፤ እሱን ግን እርስዎ። ወንድሜ፣ በዚህ እድሜዬ እንደ ጎረምሳ ቀናሁ። እህል አልበላ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ እየበላሁ ቀናሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ሰው ከቦት ሲያወራ አየሁት። ኤልዳና አጠገቡ ቆማ ትስቃለች። ምላሴ ቀደመኝ። ያን አንገትህን ያወፈረው የድሃ ጉቦ ነው አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ነጋ ግን ከዳኝነት ሲወጣ የተጣፈ ጫማ አድርጎ እንደወጣ አገር ያውቃል። ጠበቃ የሆነው ልጁ ፍርድ ቤት እንክሰሰው ቢለው፣ ስድቡ በአማርኛ ነው፣ አማርኛ የሚሰማ ይፍረደው ብሎ ለእድራችን ሽማግሌዎች አመለከተ።

እነሱም እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እንድወድቅ ፈረዱ። አትላንታ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ሰብሳቢው ኃይሉ ከጓሮው፣ ለአበባ አጥር የደረደረውን ነጭ ድንጋይ ነቅሎ አመጣ። ለጌጥ የተገዛ ነው፤ ክብደቱ ግን የአገር ቤት ነው። ተሸክሜ ወደቅሁ። ደንቡ፣ ነጋ ድንጋዩን ከአንገቴ አንሥቶ ይቅር ለእግዜር ማለት ነበር። አላነሣውም።

«አቶ ፍቅረማርያም፣ ጉቦ እንዳልበላሁ እርስዎም ያውቃሉ። ለምን ሰደቡኝ?» አለኝ።

ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፤ በዚያ ላይ ውሸት ከየት ልፍጠር? «ልጄን ወሰዱብኝ» አልኩት።

ነጋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የልጅ ልጆች ሞልተውኛል። ቁጭ ብላ የጠየቀችኝ ግን የእርስዎዋ ብቻ ናት» ብሎ ድንጋዩን አነሣልኝ። ጥግ ይዛ ስትጽፍ የነበረችው ኤልዳናም ብዕሯን ጥላ መጥታ በብብቴ ደግፋ አቆመችኝ።

መኪና ውስጥ ለምን እኔን እንዳልጠየቀች ጠየቅኋት። አንተ እኮ አባባ፣ ስለ ስድብ ስትጠየቅ ትሳደባለህ እንጂ አታስረዳም አለችኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን እንቀመጣለን። ትናንት፣ የተሰደበ ሰው ለምን ምስክር ይዞ እንደሚሄድ መጀመሪያ እኔን ጠየቀችኝ። ነጋን አየሁት፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የማይሰማ መስሏል። መልሱን ከእሱ ይልቅ አሳምሬ አውቀዋለሁ። «ይህንንስ ጋሼ ነጋን ጠይቂ» አልኳት። ፊቱ በራ፤ እስኪጨርስም ሰዓቱ ሄደ። እኔ አፌን ይዤ፣ እያረርኩ አዳመጥኩት።

ዘነበወርቅን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ አንተን መቻሏ ከጾም ይቆጠርላት። ልጅህን ሶስናን ግንባሯን፣ ትንሿን ማራኪን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። አንተን ራስህን ግን መላጣህ ላይ ስሜሃለሁ።

ታላቅህ ፍቅረማርያም
ብሩክሄቨን፣ አትላንታ
ጥቅምት ፲፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.